ስድስት ስንጥር ቀርቀሃ

ከሱሉልታ ተድሬ ሰበታ ስገባ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አሰብ ወርዶ እስኪመለስ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት፣ መኪናው መንገድ ላይ ከተበላሸ ደግሞ ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ የትዳሬን የመጀመሪያ ዓመታት ከእሱ ይልቅ ከአባቱና ከእናቱ ጋር ኖርኩ ብል ውሸት አይሆንብኝም።

አባቱን «አባባ» ነበር የምላቸው። አናጢ ናቸው። ያኔ በሰበታና በዓለም ገና ከነበሩት ደህና ደህና ቤቶች የብዙዎቹን በርና መስኮት የሠሩት እሳቸው ነበሩ። ሰፈርተኛው «ኦቦ»፣ አቶ እንደማለት፣ ይላቸዋል። ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ፣ ከከተማው ፋብሪካ ሠራተኛ ጋር በአማርኛ፣ ሲቆጡ ደግሞ በሁለቱም ይናገራሉ። ከእኔ ጋር ግን በአንዱም ብዙ አያወሩም ነበር። ጠዋት «እንዴት አደርሽ ልጄ»፣ ማታ «ደህና እደሪ»፤ ከዚህ ያለፈ ቃል ሳይወጣቸው ሳምንት ያልፋል። የጠሉኝ ይመስለኝ ነበር። ባለቤታቸውን እማማን አንድ ቀን ፈራ ተባ እያልኩ ብጠይቃቸው፣ «ዕድሜውን ሙሉ ከእንጨት ጋር ሲውል የሰው ወሬ ጠፍቶበት ነው፤ አትቀየሚው» ብለው ሳቁብኝ።

የአባባ ሥራ ቤት ከመኖሪያው ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ከዚያ ክፍል የመጋዝ ድምፅ የሚሰማው አልፎ አልፎ ነበር። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። አንድ ቀን ምሳቸውን ይዤ ስገባ ግን ራሴ አየሁት። ትንሽ ሚስማር በሁለት ጣታቸው ይዘው ሊመቱ ይሞክራሉ፤ ሚስማሩ ይንቀጠቀጣል። መዶሻውን ያነሱታል፣ መልሰው ያወርዱታል። ቀና ብለው ሲያዩኝ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«አስቀምጪውና ሂጂ» አሉኝ።

ከባድ ነገር ሲይዙ እጃቸው ይረጋል። መጋዙም፣ መላጊያውም፣ መጥረቢያውም እንደ ድሮው ይታዘዝላቸዋል። ቀጭን ነገር ሲይዙ ነው የሚንቀጠቀጠው። ደንበኞቻቸውም ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ አንድ በአንድ ወደ ሌላ አናጢ ሄደው ነበር። አባባ ግን በየጠዋቱ ሥራ ቤታቸውን ይከፍታሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ዕቃቸውን ይወለውላሉ፣ ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፋብሪካው ፈረንጅ መሐንዲስ በጂፑ መጣ። ቀደም ባለው ጊዜ አባባ መደርደሪያ ሠርተውለት ያውቃቸዋል። በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ ፈታው። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው፤ ወገቡ ላይ ተሰብሯል። እኔ የሚጠጣ ውሃ ይዤ ገብቼ ነበርና በሩ ጋ ቆሜ ቀረሁ።

ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ ተራ በትርና ሲባጎ። እንዲህ ያለ ዘንግ ግን አይቼ አላውቅም። ቀጭን ነው፣ መልኩ ማር ይመስላል፣ ከእጀታው እስከ ጫፉ ድረስ ክሩ የሚያልፍባቸው ትንንሽ የብረት ቀለበቶች ተደርድረውበታል። ቀለበቶቹን የያዛቸው ሚስማር አይደለም፤ የሐር ክር ነው። ዙሩ ከዙሩ ጎን ተጠጋግቶ ተጠምጥሟል፤ በመሃሉ የፀጉር ያህል ክፍተት የለም። ቋጠሮም የለውም። ጥልፍ ከእናቴ ጎን ቁጭ ብዬ የተማርኩ ሰው ነኝና ዓይኔ እዚያ ላይ ተተከለ። የክሩ ጫፍ የት ገባ?

መሐንዲሱ አማርኛው የተሰባበረ ነው። ወንዱንም ሴቱንም፣ ልጁንም ሽማግሌውንም «አንተ» ይላል።

«ይሄ የአባቴ ነው» አለ። «ተፍኪ፣ አዋሽ ወንዝ፣ ትልቅ ዓሣ፣ ከዚያ ጧ! አንተ ትችላለህ?»

አባባ ስብራቱን አገላብጠው አዩት። አልችልም የሚባል ቃል ከእሳቸው አፍ አይወጣም።

«ይቻላል» አሉ። «በሳምንቱ ይምጡ።»

እንጨቱን በሁለት ቀን ጨረሱት። ስብራቱን ሲመረምሩ ዘንጉ ወጥ ቀርቀሃ አለመሆኑን ደረሱበት። ስድስት ቀጫጭን ስንጥሮች፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ማዕዘን ሆነው ተላግተው፣ በኮላ ተጣብቀው ነው አንድ ዘንግ የሆኑት። ይህን ሲያዩ እማማን ከጓሮ ጠርተው አሳዩአቸው። እማማ ምንም ባይገባቸውም «ጉድ ነው!» አሉላቸው። አባባ የተሰበረውን በሰያፍ ቆርጠው፣ ከሌላ ቀርቀሃ ገጥመው፣ አጣብቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት። የቀረው በስብራቱ አካባቢ የወለቁትን ሦስት ቀለበቶች በክር መልሶ ማሰር ብቻ ነበር።

ሦስት ቀን ታገሉ። በግድግዳው በኩል እሰማቸዋለሁ። አንድ ነገር ወለሉ ላይ ይወድቃል፤ በኦሮምኛ ለራሳቸው አንድ ቃል ይናገራሉ፤ ደግሞ ይጀምራሉ። ራት ላይ ሲቀርቡ ዓይናቸው ቀልቷል። እማማ ምንም ሳይጠይቁ ደህና ደህናውን ወደ እሳቸው ይገፉላቸዋል።

በአራተኛው ቀን ዓለም ገና ለቅሶ ተጠርተው ሄዱ። እኔ ልጥረግ ብዬ ሥራ ቤት ገባሁ። እውነቱን ለመናገር መጥረጊያው ሰበብ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተበጣጠሰ ጥቁር ክር ተከምሯል። ከፈረንጅ አገር የመጣውን ያልተነካ ጥምጥም በመርፌ ጫፍ ትንሽ ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ ያኔ ገባኝ። የክሩ ጫፍ ከራሱ ዙሮች ሥር ነው የተቀበረው። የመጨረሻዎቹ ዙሮች ከመጠምጠማቸው በፊት ሥራቸው እጥፍ ክር ይገባል፤ ጫፉ በእጥፉ ውስጥ ያልፋል፤ እጥፉ ሲሳብ ጫፉን ጎትቶ ከሥር ያስገባዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለማተብ የሚሆን ጥቁር የሐር ክር ሣጥኔ ውስጥ ነበረኝ። ክሩ እንዳይላላ ከባለቤቴ ወፍራም የመኪና መጽሐፍ ገጾች መሃል አሳለፍኩት፣ መጽሐፉ ላይ ድንጋይ ጫንኩ። ከዚያ ክሩን ዘንጉ ላይ ከማዞር ይልቅ ዘንጉን ራሱን በእጄ አሽከረከርኩት። ክሩ ከመጽሐፉ ውስጥ ተወጥሮ እየወጣ፣ ዙር ከዙር ጎን እየተኛ መጣ። የመጀመሪያው ቀለበት ሲያልቅ ጀርባዬ በላብ ርሷል። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ማንጎራጎር ጀምሬ ነበር።

አባባ ሲመለሱ በቀጥታ ሥራ ቤት ገቡ። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ጆሮዬን አቁሜያለሁ።

«አንቺ ልጅ!»

ገባሁ። ዘንጉን በመስኮቱ ብርሃን ይዘው ያያሉ።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ምላጭ አነሱና ጥምጥሙን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቁት። አንዱን ብቻ አይደለም፣ ሦስቱንም። ክሩ ተበትኖ ወለሉ ላይ ወደቀ። እንባዬ መጣ፤ ላለማልቀስ ከንፈሬን ነከስኩ።

«ከኋላዬ የተሠራውን የእኔ ሥራ ነው ብዬ አልሰጥም» አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ወንበር በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት። «አሁን ተቀመጪና ፊቴ ሥሪው። ልማር።»

ያንን ወንበር እንኳን እኔ ልጃቸውም ተቀምጦበት አያውቅም። ተቀመጥኩ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው አዩ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ቀስ» አሉኝ፤ ልክ ነበሩ፣ ክሩ ሊደራረብብኝ ነበር። ሲያልቅ አውራ ጣታቸውን ጥምጥሙ ላይ አሳለፉ።

«አይታወቅም» አሉ። ከአባባ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና መሆኑን ያወቅሁት ውሎ አድሮ ነው።

መሐንዲሱ በቀጠሮው መጥቶ ዘንጉን ሲያይ የተሰበረበትን ቦታ ማግኘት አቃተው። «ይሄ ያንተ እጅ ነው?» ብሎ አባባን ጠየቃቸው። አባባ እንጨቱን እየነኩ «ይሄ የእኔ ነው» አሉ፤ ክሩን እየነኩ ደግሞ «ይሄ የእሷ ነው» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

መሐንዲሱ ዞሮ «አንተ ነህ?» አለኝ። እማማ ከበሩ በስተኋላ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

ከዚያ ሌላ ነገር አመጣ። ወንድሙ ከአገሩ ሊጠይቀው ይመጣል፤ አዲስ ዘንግ ሊያበረክትለት ይፈልጋል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚህ የተሠራ። የቀሚሴን ጥልፍ በጣቱ እያሳየ «እንደዚህ፣ እንደ ሐበሻ ቀሚስ» አለ። አባባ «ይቻላል» አሉ። በዚህኛው ጊዜ ግን ከመናገራቸው በፊት ወደ እኔ አይተው ነበር።

ቀርቀሃ ፍለጋ ቡራዩ ድረስ ሄድን፣ እሳቸውና እኔ። መንገዱ ቀጥታ ስላልሆነ አዲስ አበባ ገብተን፣ በአስኮ በኩል በሌላ አውቶቡስ ወጣን። ገበያው ላይ ቀርቀሃ በብዛት ተደርድሯል፤ ሁሉም ግን ለምለምና እርጥብ ነው። አባባ እያንዳንዱን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉና ያልፋሉ። «እርጥቡ ዛሬ ቀጥ ይላል፣ ነገ ይጣመማል» አሉኝ። እኔን እያስተማሩ መሆኑን ልብ አላልኩም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ጋ ቆሙ። «አካም ጅርቱ?» «ናጋ፣ ናጋ» ብለው ሰላምታ ተለዋወጡና ወሬው በኦሮምኛ ቀጠለ። ሰውዬው ለቤት ክዳን ብለው ከምድጃቸው በላይ ሰቅለው ሁለት ዓመት ያቆዩት ቀርቀሃ እንዳላቸው ነገሯቸው። ቤታቸው ቅርብ ነበርና ተከትለን ሄድን። ከጣራው ሥር ሲወርድ ጭስ የጠገበ፣ ቡናማ፣ ድንጋይ የመሰለ ቀርቀሃ ነው። አባባ ሲያንኳኩት ጮኸ። ፊታቸው በራ።

ገበሬው እኔን አዩኝና «ኢሼን ኤኙ?» አሉ፤ ማናት ማለታቸው ነው። የልጄ ሚስት ናት የሚለውን መልስ በልቤ እየጠበቅሁ ነበር።

«ኢንተላ ኮቲ» አሉ አባባ።

ልጄ ናት። ያኔ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ ብዙ አያልፍም፤ ይህቺን ግን ለመስማት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ቀርቀሃውን ተሸክመን ስንመለስ አባባ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፣ እኔ የኋላውን ጫፍ ይዣለሁ። ፊቴን አላዩትም፤ ደግነቱ።

ሥራው ወር ከምናምን ወሰደብን። አባባ ከጠንካራ ወይራ ረጅም ጣውላ አዘጋጁ፤ በመሃሉ ስንጥሩ የሚተኛበት ቦይ አወጡለት። ስንጥሩ ቦዩ ውስጥ ስለሚተኛ በጣት መያዝ አያስፈልግም፤ እሳቸው መላጊያውን በሁለት እጃቸው ይገፋሉ፣ እኔ ጫፉን እጠብቃለሁ። ለእንቅጥቅጡ መላ ያገኙት በዚህ ነው። ስለ እጃቸው ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ይልቅ አባባ መናገር ጀመሩ። የቀርቀሃ አንጓ ለምን በእሳት ሞቅ ተደርጎ እንደሚቃና፣ ኮላ መቼ እንደሚበቃው፣ በልጅነታቸው የመጀመሪያውን በር ገልብጠው ገጥመውት ሙያውን ያስተማሯቸው አናጢ እንዴት እንደሳቁባቸው፤ ሁሉንም አወሩኝ። እማማ በግድግዳው በኩል «ዛሬ ደግሞ ማነው እዚያ ሬዲዮ የከፈተው?» ይላሉ።

ቀለበቶቹን ከአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ አጣመምናቸው። ለእጀታው የጠርሙስ ቡሾች ሰብስበን፣ በስተን፣ ደርድረን አጣበቅን። ክሩን እኔ መረጥኩ፤ የአደይ አበባ ቢጫና የበቆሎ ቅጠል አረንጓዴ። ከእጀታው በላይ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቢጫውንና አረንጓዴውን በሰያፍ አቋርጬ እየጠመጠምኩ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሲያልፍ የዓይን ቅርጽ እንዲወጣ አደረግሁ። አምስት ዓይን፣ አንዱ ከሌላው የማይበልጥ። ስጨርስ አባባ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት።

በማግስቱ ቫርኒሽ ቀባነው። ቫርኒሹ ክሩን ሲነካ ቢጫው ጠፋ። ሐሩ ውሃ እንደገባው ወረቀት ሳሳ፣ ከሥሩ ያለው ቀርቀሃ ታየ፤ አረንጓዴው ደግሞ ጠቁሮ ጭቃ መሰለ። የመጀመሪያው ዘንግ ክሩ ጥቁር ስለነበረ ይህን ጉድ ሳናየው አልፈን ነበር። የአንድ ሳምንት ሥራ ዓይኔ እያየ ጠፋ።

እኔ አለቀስኩ። አባባ ግን ምላጭ አመጡ። «ዘንጉ ደህና ነው» አሉኝ። «ክር ክር ነው። ሂጂና ቀን ጨምርልን በዪው።»

የመሐንዲሱ ቤት በፋብሪካው ግቢ ነው። ስደርስ እሱ የለም፤ ሚስቱ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። እሷ አማርኛ ከባሏ ትሻላለች። ቁጭ በይ ብላኝ ችግሬን ስነግራት አንድ ነገር ትሠራ ነበር። የእግር ሹራቧ፣ ያ ስስ የሐር የሚመስለው፣ ተተርትሯል። ከትንሽ ጠርሙስ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በቡርሿ እየነካች የተተረተረበትን ጫፍ ትቀባዋለች።

«ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«ይደርቅና ክሩን ይይዘዋል። ከዚያ በላይ አይሄድም።»

ሹራቡን ተቀብያት አየሁት። ከደረቀው ቀለም በታች የክሩ መልክ ያው ነው፤ አልጠቆረም፣ አልሳሳም። ወዲያው ቢጫው ክሬ ትዝ አለኝ።

«እሜቴ፣ ይቺን ጠርሙስ ይስጡኝ» አልኳት። ሳቀችና ሰጠችኝ፤ ሌላ ያልተከፈተም ጨመረችልኝ።

ተመልሼ ሥራ ቤት አባባ አጠገብ ተቀመጥኩና ቁራጭ ቀርቀሃ ላይ ቢጫ ክር ጠመጠምኩ፤ የጥፍሩን ቀለም ሦስት ጊዜ እያደረቅሁ ቀባሁት። ልክ አራተኛውን ስጀምር እማማ በሩን ከፈቱ። አፍንጫቸውን ያዙ፤ ጠርሙሷን አዩ።

«አሃ!» አሉ። «ልጄ አሰብ በረሃ ይነዳል፣ አንቺ ጥፍርሽን ቀለም ትቀቢያለሽ! ለማን ነው እስቲ ንገሪኝ?»

«ለዓሣ ነው እማማ» አልኳቸው።

አባባ ከመላጊያቸው ቀና ብለው፣ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እማማ አሥሩንም ጣቶቼን አንድ በአንድ አገላብጠው እስኪያዩ ድረስ አላመኑንም። በማግስቱ ቫርኒሹን ስንቀባ ግን ሦስታችንም ቁራጯ ላይ አጎንብሰን ነበር። ቢጫው ቢጫ ሆኖ ቀረ። እንዲያውም ከቫርኒሹ ሥር ሆኖ ሲያበራ ከበፊቱ በለጠ። እማማ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ጎረቤት እንዳይሰማ ዋጥ አደረጉት። እኔም አምስቱን ዓይኖች በዚሁ መላ እንደገና ጠመጠምኳቸው።

በየካቲት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ መሐንዲሱና ወንድሙ በጂፕ መጥተው ወሰዱን። አባባ ካባቸውን ለብሰዋል፤ እኔ ሙሽራ እያለሁ የለበስኩትን ቀሚስ። ተፍኪ ሜዳው ላይ አዋሽ በዚያ ወቅት ዝግ ብሎ ነው የሚፈሰው። ወንድሙ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መሐንዲሱ ዘንጉን ሲሰጠው መጀመሪያ ያየው እንጨቱን ሳይሆን አምስቱን ዓይኖች ነው። ከዚያ ከሸንበቆው ዳር ቆሞ መንጠቆውን ወረወረ።

ብዙ ጠበቅን። ድንገት የዘንጉ ጫፍ ወደ ውሃው ተጎነበሰ። እኔ ዓሣውን አላየሁም፤ የማየው ቀለበቶቼን ነው። ዘንጉ እንደ ደጋን ሲለመጥ ክሩ ሁሉ አሁን ይተረተራል፣ አሁን ይፈናጠራል እያልኩ ጥርሴን ነከስኩ። አባባም እንደኔው ነበሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይጸልዩ ይሁን ስንጥሮቹን ይቁጠሩ አላውቅም። ወንድምየው ወደ እኔ ዞሮ በቋንቋው አንድ ነገር አለ።

«ና፣ አንተ ያዝ» ብሎ መሐንዲሱ ተረጎመልኝ።

እጀታውን ያዝኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ይዤ አላውቅም። ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከማላየው ውሃ ውስጥ፣ ጉልበት ያለው ነገር ይስበኛል፤ እያንዳንዱ ርግጫው በቀርቀሃው ውስጥ አልፎ ክንዴ ድረስ ይመጣል። ወደ ኋላ ስሄድ፣ ስጎትት፣ በመጨረሻ አንድ ጢማም ጥቁር አምባዛ ጭቃው ላይ ወጥቶ ተንፈራገጠ። አባባ ወደ ዓሣው አልሄዱም። ወደ እኔ መጥተው ዘንጉን ተቀበሉኝና ቀለበቶቹን ከታች እስከ ላይ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። አንዱም አልተነቃነቀም።

«ገሪ» አሉ፤ ጥሩ ማለታቸው ነው። «በጣም ገሪ።»

ባለቤቴ በሳምንቱ ከአሰብ መጣ። አቧራውን ሳያራግፍ ድምፅ ወደሰማበት ወደ ሥራ ቤት ገባ። እኔ በአባቱ ወንበር ተቀምጫለሁ፣ ግንባሬ ቫርኒሽ ነክቶታል፤ አባቱ አጠገቤ ቆመው እየሳቁ ያወራሉ። በሩ ላይ ቆሞ ሁለታችንንም አየና፣ «ቤት ተሳስቼ ይሆን?» አለ። ነገሩን ስንነግረው የመኪና መጽሐፉ ላይ ድንጋይ በመጫኔ ብቻ ትንሽ ቅር አለው። ከዚያ በኋላ በየጉዞው ከአሥመራና ከአሰብ የሐር ክር የሚያመጣልኝ እሱ ሆነ፤ ቀለሙን ሁልጊዜ ይሳሳታል፣ እኔም ሁልጊዜ እሠራበታለሁ።

የወንድምየው ዘንግ ወሬ በፈረንጆቹ መካከል ዞረ። አንዱ ለአንዱ እያሳየ መጡ፤ የአባባ ሥራ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ድምፅ የማይጠፋበት ሆነ። እማማም ዳር ቆመው አልቀሩም። አንድ ቀን ራሳቸው የሰፉትን ሰፌድ ይዘው ገቡና የዙሪያውን ጥርስ ጥርስ ሐረግ እያሳዩ፣ «ይሄንን ለምን አትሞክሪውም? ያንቺ ዓይን ዓይን ብቻ ሰለቸኝ» አሉኝ። ሞከርኩት። ከሁሉም ይበልጥ የተወደደው እሱ ሆነ፤ እማማም ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ሁሉ ተናገሩ።

አባባ ለራሳቸው ዘንግ የጠየቁኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አፍረው ነው የጠየቁኝ፣ እንደ ልጅ። ሠራሁላቸው፤ ክሩን ቡናማና ነጭ አደረግሁት፣ ጌጥ እንደማይወዱ አውቃለሁ። መሐንዲሱ ወደ ተፍኪ ሲሄድ ይዟቸው መሄድ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ አስገራሚ ሆነ። ሌላው ሰው ባዶውን ሲመለስ አባባ ዓሣ ይዘው ይገባሉ። አንድ ቀን መሐንዲሱ ምስጢሩን ነገረን። የአባባ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ክሩም ይንቀጠቀጣል፤ መንጠቆው ላይ ያለው ትልም ውሃ ውስጥ ይደንሳል፤ ዓሣው በሕይወት ያለ መስሎት ይመጣል።

አባባ ይህን ሲሰሙ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ፊታቸው ዘረጉት። ተንቀጠቀጠ። አገላብጠው አዩት።

«ዓሣ የሚጠራ እጅ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እጃቸውን ኪስ ውስጥ ሲከቱ አላየኋቸውም።

ጉልበታቸው እየደከመ ሲመጣ መላጊያውም ወደ እኔ ዞረ። እሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ድምፁን ብቻ እየሰሙ «አሁን በዛ»፣ «ስለቱን አሹዪ» ይሉኛል። ቀርቀሃውን ከመሰንጠቅ እስከ መጨረሻው ቫርኒሽ ድረስ እኔ ብቻ የሠራኋቸው የመጀመሪያዎቹ አራት ዘንጎች የታዘዙት ለአንድ የፒያሳ ሱቅ ነበር። አባባ እያንዳንዱን ለምጠው አዩ፤ በአንዱ ላይ አንዲት የላላች ዙር አግኝተው አስፈቱኝ። ከዚያ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሰዉ ተጨናንቋል። ጥቅሉን በጉልበቶቼ መካከል አቁሜ፣ ጫፉ ከጣራው እንዳይጋጭ ዘንበል አድርጌ ይዣለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰው ወደ ከተማ የሚገቡ ነጋዴ ይመስላሉ።

«መጋረጃ ማንጠልጠያ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም። ዓሣ ማጥመጃ ነው።»

«ዓሣ! እስቲ ልየው?»

ነጠላውን ገለጥ አድርጌ አሳየኋቸው። ቀይና ሰማያዊው ሐረግ በመስኮቱ ብርሃን አብረቀረቀ። በጣታቸው ሊነኩት ብለው፣ መልሰው ጣታቸውን ሸሚዛቸው ላይ ጠረጉና በቀስታ ነኩት።

«ይሄን የመሰለ እጅ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አልኩ። ለማላውቀው ሰው ይህን ስል የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጎላ ብሎ ወጣና ከፊት የነበሩት ሁለት ሰዎች ዞረው አዩኝ።

ሰውዬው እኔንም ዘንጎቹንም ተራ በተራ አዩ። ከዚያ የራሳቸውን ዘምቢል ወደ እግራቸው ሥር ገፍተው ቦታ ለቀቁና፣ «በይ ግማሹን ለእኔ ስጪኝ፤ ይሄ ሹፌር ጉድጓድ አይመርጥም» አሉኝ። ሁለቱን እሳቸው፣ ሁለቱን እኔ አቅፈን አዲስ አበባ ገባን።